የልጆቻችን የጨዋታ ኮምፒውተር፦ የትኛው ዕቃ ይቀየር፣ የትኛው ይቆይ?

በሐዴራ ባሉ ብዙ ቤቶች ልጆች «ኮምፒውተሩ አርጅቷል፤ አዲሶቹን ጨዋታዎች አይችልም» ሲሉ ይሰማል። ወላጆች በበኩላቸው ኮምፒውተሩ በርቶ ሲሠራ እያዩ «ታዲያ ምኑ ነው ያረጀው?» ብለው ይጠይቃሉ። ሁለቱም ወገኖች እውነት አላቸው። ኮምፒውተር እንደ ፍሪጅ አንድ ወጥ ዕቃ አይደለም፤ ከሰባት ወይም ከስምንት ዕቃዎች የተገጣጠመ በመሆኑ አንዱ ወይም ሁለቱ ሲያረጁ ሌሎቹ ገና ብዙ ዓመት ሊያገለግሉ ይችላሉ። ይህን ባለማወቅ ሙሉ ኮምፒውተር በ36 ታሽሉሚም የሚገዛ ቤተሰብ አለ፤ ክፍያው ሳያልቅም ልጁ እንደገና «አረጀ» ይላል። ስለዚህ የትኛውን ዕቃ ብቻ መቀየር እንደሚበቃ፣ የትኛው ደግሞ አንድ ጊዜ በደንብ ተመርጦ ለረጅም ጊዜ መቆየት እንዳለበት በዚህ ጽሑፍ እናያለን። ሱቅ የሚሰጠው የዋጋ ወረቀት፣ ሃፃዓት መሒር የሚባለው፣ በዕብራይስጥ ስለሚጻፍ የዕቃዎቹን የዕብራይስጥ ስም አብረን አስቀምጠናል። ዓመቶቹ በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ከሁሉ በፊት ጥፋቱ የኮምፒውተሩ መሆኑን ማረጋገጥ ያስፈልጋል። በብዙ ጨዋታዎች ውስጥ ሁለት ቁጥሮች በስክሪኑ ጥግ እንዲታዩ ማድረግ ይቻላል። አንደኛው ኤፍ.ፒ.ኤስ. ይባላል፤ ኮምፒውተሩ በአንድ ሴኮንድ ስንት ሥዕል እንደሚያወጣ ይናገራል፤ 60 ከደረሰ ጨዋታው በደንብ ይሄዳል። ሁለተኛው ፒንግ ነው፤ መልእክት ከቤት ተነሥቶ ጨዋታውን ወደሚያስተናግደው ኮምፒውተር ደርሶ እስኪመለስ የሚወስደውን ጊዜ ያሳያል። ኤፍ.ፒ.ኤስ. ደህና ሆኖ ፒንግ የሚዘል ከሆነ ችግሩ የኢንተርኔቱ ነው። በብዙ ቤት ራውተሩ ሳሎን፣ ልጁ ደግሞ ማማድ ውስጥ ነው፤ የማማድ ወፍራም ኮንክሪት ዋይፋይን ያዳክማል። ይህን ከራውተሩ እስከ ኮምፒውተሩ የሚዘረጋ የኔትወርክ ገመድ ይፈታዋል፤ በሺህ የሚቆጠር ሸቀል የወጣበት ካርድ ግን አይፈታውም።

ቀጥሎ የትኛው ጨዋታ፣ በየትኛው ስክሪን ብሎ ልጁን ወይም ልጅቱን መጠየቅ ነው። ለሮብሎክስ፣ ለማይንክራፍት፣ ለቫሎራንትና ለፎርትናይት መካከለኛ ኮምፒውተር ይበቃል። የስክሪኑ ነገር ደግሞ በቁጥር ሲታይ ይገባል። ተራው ስክሪን 1920 በ1080 ነጥብ፣ ማለትም 2 ሚሊዮን ያህል ነጥብ አለው፤ 1440 የሚባለው 3.7 ሚሊዮን ያህል፤ 4ኬ የሚባለው ከ8 ሚሊዮን በላይ ነው። ግራፊክስ ካርዱ ይህን ሁሉ ነጥብ በሴኮንድ 60 ጊዜና ከዚያም በላይ ቀለም ይቀባል። ተራ ስክሪን ላለው ቤት ትልቁን ካርድ መግዛት ለሁለት ሰው ራት የሠርግ ድስት መጣድ ነው።

አሁን ወደ ዕቃዎቹ እንግባ። በጣም ሊታሰብበት የሚገባው ማዘርቦርዱ ነው፤ በዕብራይስጥ ሉአሕ ኤም ይባላል። ሌላው ዕቃ ሁሉ የሚሰካው በእሱ ላይ ነው። ፕሮሰሰሩ፣ ማለትም መዓቤድ፣ የሚቀመጥበት ቦታ ሶኬት ወይም ቶሼቬት ይባላል፤ ኮምፒውተሩ ወደፊት ሊሻሻል መቻሉን ወይም አለመቻሉን በአብዛኛው የሚወስነው ይህ ሶኬት ነው። ኤ.ኤም.ዲ. የተባለው ድርጅት ኤ.ኤም.4 የሚባለውን ሶኬት በ2016 አወጣ። በ2022 የወጣው ራይዘን 7 5800ኤክስ3ዲ የተባለ ፈጣን ፕሮሰሰር፣ የማዘርቦርዱ ውስጣዊ ፕሮግራም የሆነው ባዮስ ሲታደስ፣ በ2017 በተገዙ ብዙ ማዘርቦርዶች ላይ ሠርቷል። በኢንቴል በኩል ግን አይ5-7400 እና አይ5-8400 ሁለቱም በ2017 ወጡ፤ የሁለቱም ሶኬት 1151 ይባላል፤ የመጀመሪያው ማዘርቦርድ ግን ሁለተኛውን ፕሮሰሰር አይቀበልም። ስም አይቶ የገዛ ሰው ተጎዳ ማለት ነው። ይህን የምንለው ኢንቴልን ለመንቀፍ አይደለም። ኢንቴል ከ1974 ጀምሮ ከእኛ በባቡር ብዙ በማትርቀው በሐይፋ ይሠራል፤ በ2003 የወጣውና በሰሜን ባለው ምንጭ ባኒያስ ተብሎ የተጠራው የላፕቶፕ ፕሮሰሰርም የዚያው የሐይፋ ሥራ ነው። ለመሻሻል የሚመች ሶኬት ግን ያው ለመሻሻል የሚመች ነው። ከአዲስ ለሚጀምር ሰው ኤ.ኤም.5 በ2022 የወጣ ሲሆን፣ ድርጅቱ እስከ 2027 እና ከዚያም በኋላ እንደሚደግፈው ተናግሯል።

አንድ ምሳሌ እንውሰድ። በ2018 የተገዛ ኮምፒውተር አለ እንበል፤ ራይዘን 5 2600 ፕሮሰሰር፣ ቢ450 ማዘርቦርድ፣ 8 ጊጋ ዚካሮንና ጂቲኤክስ 1060 ካርድ አለው። ይህን ኮምፒውተር መጣል አያስፈልግም። ባዮሱ ታድሶ ራይዘን 7 5700ኤክስ ይገባበታል፤ ዚካሮኑ ወደ 16 ወይም ወደ 32 ያድጋል፤ ካርዱ ይቀየራል። ባዮሱ መታደስ ያለበት አሮጌው ፕሮሰሰር ገና ሳይነቀል ነው፤ አለዚያ አዲሱ ሲገባ ኮምፒውተሩ ላይነሣ ይችላል። ሣጥኑ፣ ማዘርቦርዱ፣ ኪቦርዱና ስክሪኑ እንዳሉ ይቀራሉ።

ካርዱን፣ በዕብራይስጥ ካርቲስ ማሳኽን፣ ስትመርጡ በመጀመሪያ የራሱን ዚካሮን መጠን ተመልከቱ። ጂቲኤክስ 1060 በ2016 ሲወጣ ባለ 3 ጊጋና ባለ 6 ጊጋ ሆኖ በአንድ ስም ተሸጠ። ባለ 3 ጊጋውን የገዙት ጥቂት መቶ ሸቀል ቆጥበዋል፤ አዳዲስ ጨዋታዎች ሲመጡ ግን ቀድሞ የከዳቸው እሱ ነው። ዛሬም ያው ነገር አለ። በ2025 የወጡት አርቲኤክስ 5060 ቲአይ እና አርኤክስ 9060 ኤክስቲ እያንዳንዳቸው ባለ 8 ጊጋና ባለ 16 ጊጋ አላቸው። አምስት ዓመት እንዲቆይ ለሚፈልግ ቤተሰብ በእኛ አስተያየት ባለ 16ቱ ይሻላል። ሌላም ልዩነት አለ፤ የኋለኛው ካርድ ከማዘርቦርዱ ጋር በ16 መስመር ሲገናኝ የፊተኛው በ8 ብቻ ነው። በአዲስ ማዘርቦርድ መስመሮቹ ፈጣን ስለሆኑ ይህ አይሰማም፤ በምሳሌያችን እንዳለው የ2018 ማዘርቦርድ ግን መስመሮቹ ቀርፋፋ ስለሆኑ ባለ 16 መስመሩ ይመረጣል። ካርዱ ሣጥኑ ውስጥ መግባቱንም በሜትር ለክቶ ማረጋገጥ ነው።

ስለ ዚካሮን አንድ ነገር ይታወቅ። ከ2025 መጸው ጀምሮ፣ ለሰው ሠራሽ አስተውሎት የሚሠሩ ትልልቅ ማዕከሎች ብዙውን ስለሚገዙት፣ የዚካሮን ዋጋ በጣም ወጥቷል። ስለዚህ ዲ.ዲ.አር.4 የሚባለው አሮጌው ዓይነት ቤት ውስጥ ካለ አይጣል። ኤ.ኤም.5 የሚቀበለው ዲ.ዲ.አር.5 ብቻ በመሆኑ ወደዚያ የሚዛወር ሰው ዚካሮኑንም አዲስ ይገዛል፤ ይህ ወጪ ከመጀመሪያው ይታሰብ።

ሳፓክ ኮአሕ ማንም የማያየው ዕቃ ነው። ኤሌክትሪክን ከግድግዳው ተቀብሎ ለሌሎቹ ሁሉ የሚያከፋፍለው እሱ ነው። ሻጮች ዋጋ ለማርከስ ሲፈልጉ ብዙ ጊዜ የሚቀንሱት ከዚህ ነው፤ ርካሽ ሳፓክ ሲበላሽ ግን ብቻውን ላይሄድ፣ ካርዱንና ማዘርቦርዱን ይዞ ሊሄድ ይችላል። ላዩ ላይ የተጻፈው 80 ፕላስ የሚለው ምልክት ኤሌክትሪክ ምን ያህል እንደማያባክን እንጂ ጠንካራነቱን አይናገርም። የተሻለው ምልክት አሕራዩቱ ነው፤ ድርጅቱ 7 ወይም 10 ዓመት አሕራዩት ከሰጠ በዕቃው ይተማመናል ማለት ነው። ከላይ ላየነው ምሳሌ ከ550 እስከ 650 ዋት ይበቃል። አንድ ከባድ ማስጠንቀቂያ አለን፦ ሳፓክ ሲቀየር ገመዶቹም አብረው ይቀየሩ። የአንዱ ድርጅት ገመድ በሌላው ሳፓክ ላይ ቢሰካ ጫፉ ይገጥም ይሆናል፤ ውስጡ ያለው አደራደር ግን ስለሚለያይ ዲስኩን ሊያቃጥል ይችላል።

ከዚሁ ጋር የቤት አያያዝ ይነሣል። ኮምፒውተሩ የተሰካው በሸዖን ሻባት ላይ ከሆነ፣ እየሠራ ሳለ ሰዓቱ ኤሌክትሪኩን ሲቆርጥ በዲስኩ ላይ ያለው ጽሑፍ ሊበላሽ ይችላል፤ ሻባት ሳይገባ በእጅ መዘጋት አለበት። በጊቫት ኦልጋ ለባሕሩ ቅርብ የሚኖሩ ቤተሰቦች ሣጥኑን ከተከፈተ መስኮት ያርቁት፤ ጨውና እርጥበት ብረት ይበላሉ። ቡና የሚፈላበትና ዕጣን የሚጨስበት ክፍልም እንዲሁ ነው፤ ጭሱ ከአቧራ ጋር ተቀላቅሎ በማራገቢያዎቹ ላይ ይጣበቃል፤ ሙቀቱ መውጫ ያጣል። ቡናውን ከምናስቀር ኮምፒውተሩን ወደ ሌላ ክፍል ማዛወሩ ይሻላል። በየጥቂት ወሩ ገመዱ ተነቅሎ፣ ማራገቢያው በጣት ተይዞ፣ በቆርቆሮ በሚሸጠው አየር ይነፋ።

ዊንዶውስ 10 መደበኛ ድጋፉ ጥቅምት 14 ቀን 2025 አብቅቷል። ዊንዶውስ 11 ከኢንቴል ስምንተኛው ትውልድና ከዚያ በኋላ ያሉትን፣ ከኤ.ኤም.ዲ. ደግሞ ከራይዘን 2000 ጀምሮ ያሉትን ይቀበላል። የምሳሌያችን 2600 ያልፋል፤ አይ5-7400 አያልፍም። በያድ 2 ላይ ያገለገለ ዕቃ የሚፈልግ ሰው ይህን ይመልከት። በተለይ አይ9-13900ኬ ወይም አይ9-14900ኬ በርካሽ ሲቀርብ ይጠንቀቅ፤ እነዚህ ፕሮሰሰሮች ራሳቸውን የሚጎዱበት ጉድለት ተገኝቶባቸው ኢንቴል በ2024 ማስተካከያ አውጥቷል፤ ማስተካከያው ግን አስቀድሞ የተጎዳውን አያድንም።

ሲገዛ በሃፃዓት መሒሩ ላይ የእያንዳንዱ ዕቃ ሙሉ ስም ይጻፍ። «ሳፓክ 600 ዋት» ወይም «ካርቲስ ማሳኽ 8 ጊጋ» ብቻ የሚል ወረቀት ምን እንደምትገዙ አይነግራችሁም፤ ስሙ ካለ ግን ዛፕ በሚባለው የዋጋ ማወዳደሪያ ላይ ልጃችሁ በአንድ ደቂቃ ያመሳክረዋል። ከ2025 መጀመሪያ ጀምሮ 18 በመቶ የሆነው ማዓም በዋጋው ውስጥ መግባቱም ይጠየቅ።

በስልክ ወይም በኢንተርኔት የተገዛ ዕቃ ከደረሰበት ቀን ጀምሮ በ14 ቀን ውስጥ ግዢውን መሰረዝ ይቻላል፤ የስረዛው ክፍያ ከዋጋው 5 በመቶ ወይም 100 ሸቀል፣ ከሁለቱ ዝቅተኛው ነው። ተዑዳት ዖሌ ከተሰጠው 5 ዓመት ላልሞላው ዖሌ፣ እንዲሁም ዕድሜው 65 ለደረሰና ለአካል ጉዳተኛ፣ ግዢው ከሻጩ ጋር በተደረገ ንግግር ከሆነ፣ ጊዜው 4 ወር ነው። ሻጮች ይህን ሁልጊዜ አይናገሩም፤ እናንተ ንገሯቸው። ሔሽቦኒቱና የአሕራዩት ወረቀቱ በአንድ ፖስታ ይቀመጡ። አዲስ ዕቃ ስትገዙ ሻጩ የዚያኑ ዓይነት አሮጌ ዕቃ ያለ ክፍያ የመቀበል ግዴታ አለበት፤ አሮጌውን ዲስክ ከመስጠታችሁ በፊት ግን የቤተሰቡ ፎቶዎች ወደ አዲሱ መዛወራቸውንና ከአሮጌው መጥፋታቸውን አረጋግጡ።