ከእጅ እስከ ታምቡር፤ የሞተር ብስክሌት ፍሬንና የሽቦው ታሪክ

የሞተር ብስክሌትን ፍሬን ታሪክ ባጭሩ የሚያወሩ ጸሐፊዎች ብዙ ጊዜ እንዲህ ይላሉ፤ በመጀመሪያ ታምቡር ነበረ፥ ታምቡሩ ደካማ ስለ ሆነ በ1969 ዲስክ መጣና ተካው። ይህ አነጋገር ሐሰት ነው ባይባልም ጎደሎ ነው። ታምቡሩን የሚወቅሱት ሰዎች የነጂው እጅ ከታምቡሩ ጋር የሚገናኝበትን መንገድ፥ ማለት እጀታውን፥ ሽቦውንና ክንዱን፥ ሳይመረምሩ ያልፉታል። የዚህ አነስተኛ ጥናት ዓላማ ከድካሙ ምን ያህሉ የታምቡሩ፥ ምን ያህሉስ የሽቦው እንደ ነበረ ለመለየት ነው። ነገሩ የክፍል ክርክር ብቻ አይደለም። እነዚያ አሮጌ ሞተሮች ዛሬም በብዙ አገር ይነዳሉ፤ የነጂውም ሕይወት ከትንሽ ጣት በምትቀጥን ሽቦ ላይ የተንጠለጠለ ነው። በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር ናቸው።

ፍሬን የሚለውን ቃል የወሰድነው ከጣሊያንኛ ወይም ከፈረንሳይኛ ነው፤ ሥሩ ግን ላቲን ሲሆን ትርጉሙም ልጓም ነው። የመጀመሪያዎቹ ሞተር ብስክሌቶች ልጓም የሌላቸው ፈረሶች ነበሩ ቢባል ማጋነን አይሆንም። የፊት ጎማቸው ከተራ ብስክሌት የተወረሰ፥ ቸርኬውን የሚጭን ትንሽ ቁራጭ ነበረው። በኋላ በኩል ደግሞ ሞተሩ ጎማውን የሚያዞርበት ቀበቶ በሚጠመጠምበት መዘውር ላይ ሌላ ቁራጭ ይጫን ነበር። ዝናብ ሲዘንብ ሁለቱም እምብዛም አይዙም። ሆኖም በእንግሊዝ አገር ከ1903 እስከ 1930 በሕግ የተፈቀደው ከፍተኛ ፍጥነት በሰዓት 20 ማይል፥ ማለት 32 ኪሎ ሜትር ያህል ብቻ ስለ ነበር፥ ሠሪዎቹ ስለ መቆም ብዙ እንዲጨነቁ ያስገደዳቸው አልነበረም። ያስገደዳቸው ውድድር ነው። በማን ደሴት ከ1907 ጀምሮ በየዓመቱ ይደረግ የነበረው የቱሪስት ትሮፊ ውድድር በ1911 ወደ ስኔፌል ተራራ መንገድ ተዛወረ። የአንዱ ዙር ርዝመት 60 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። ተራራ የወጣ ሁሉ መውረድ አለበትና የቸርኬው ቁራጭ እንደማይበቃ ቍልቍለቱ ራሱ አስረዳ።

ሽቦው ግን ከታምቡሩ ቀደም ብሎ ተገኝቶ ነበር። ኧርነስት ሞኒንግተን ቦውደን የተባለ የአየርላንድ ተወላጅ በ1896 የፈጠራ መብት የጠየቀበት ይህ ሽቦ እስከ ዛሬ በስሙ ይጠራል። (የራሌ ብስክሌት ፋብሪካ ባለቤት ከነበረው ከፍራንክ ቦውደን ጋር ብዙ ሰዎች ያምታቱታል፤ ሁለቱ የሚገጥሙት በስም እንጂ በዘር አይደለም።) ብልሃቱ ቀላል ይመስላል። ውስጡ ከቀጫጭን የብረት ክሮች የተገመደ ሽቦ፥ ውጭው እንደ ሞላ የተጠመጠመ የብረት ሽፋን ነው። ውስጡ ሲጎተት ውጭው በዚያው ልክ ይጨመቃል። ሰው ሁሉ ስለሚጎተተው ያስባል፤ የሚጨመቀው ግን እኩል ሥራ ይሠራል። ሽፋኑ ልል ከሆነ የነጂው ጉልበት ጫማውን በመግፋት ፈንታ ሽፋኑን በማሳጠር ያልቃል። ከቦውደን በፊት ጉልበት ከእጅ ወደ ጎማ የሚሄደው በዘንግና በማጠፊያ ስለ ነበረ፥ መሪው በዞረ ቍጥር ነገሩ አስቸጋሪ ይሆን ነበር። ሽቦው እንደ ልብ የሚታጠፍ መሆኑ ትልቅ ጸጋ ነው፤ ችግሩም የመጣው ከዚሁ ጸጋ ነው።

ታምቡሩን በዘመናዊ መልኩ በ1902 ያወጣው ፈረንሳዊው ሉዊ ሬኖ ነው ይባላል፤ ይኸውም ለመኪና ነበር። በማይዞር ሳሕን ላይ የተቀመጡ ሁለት የግማሽ ጨረቃ ቅርጽ ያላቸው ቁራጮች አሉ፤ እነዚህን ጫማ እንላቸዋለን። ካም የሚባለው ጠፍጣፋ ዘንግ ሲጠመዘዝ ጫማዎቹን ገፍቶ ከሚዞረው ታምቡር ውስጠኛ ግድግዳ ጋር ያጣብቃቸዋል። ጫማው የሚለብሰው ሸራ ደግሞ የራሱ ታሪክ አለው። እንግሊዛዊው ኸርበርት ፍሩድ በ1897 በደርቢሸር ሥራውን ሲጀምር ያሰበው ለፈረስ ጋሪ ነበር። ባላገሮቹ ቍልቍለት ሲወርዱ ከጋሪው ፍሬን ላይ አሮጌ ጫማ ያስሩ እንደ ነበር አይቶ የተሻለ ነገር ፈለገ ይባላል። ፌሮዶ የሚለው የንግድ ስም ከራሱ ስም ፊደላት የተቀናበረ ነው። ከጥቂት ዓመታት በኋላ ሸራው ከአስቤስቶስ ይሠራ ጀመር። ሙቀት ስለሚችል ሁሉም ወደደው፤ ትቢያው ሳንባን እንደሚያጠፋ ታውቆ ብሪታንያ ሙሉ በሙሉ የከለከለችው በ1999 ነው።

ሞተር ብስክሌቶች ታምቡርን በሰፊው የያዙት በ1920ዎቹ ነው። ከሁለቱ ጫማዎች አንደኛው ጎማው በሚዞርበት አቅጣጫ ይገፋል፤ ስለዚህ ታምቡሩ ራሱ እየሳበ ያጣብቀዋል። ይህን መሪ ጫማ እንለዋለን። ሁለተኛው ተከታይ ነው፤ ታምቡሩ ወደ ኋላ ስለሚመልሰው የሚሠራው ጥቂት ነው። ለሁለቱም ጫማዎች ለየብቻ ካም ቢደረግ ሁለቱም መሪ ይሆናሉ፥ ነጂውም ባንድ ዐይነት ጉልበት እጅግ የበለጠ ፍሬን ያገኛል። ጉድለቱ ሞተሩ ወደ ኋላ ሲንሸራተት ሁለቱም ተከታይ መሆናቸው ነው፤ ዳገት ላይ አፍንጫውን ወደ ላይ አድርጎ የቆመ ነጂ ይህን ባንዴ ይረዳዋል። የቪንሰንት ፋብሪካ ሌላ መንገድ መረጠ። በ1946 በወጣው ራፒድ ላይ በያንዳንዱ ጎማ ሁለት፥ በጠቅላላው አራት ታምቡሮች አደረገ። በፊት በኩል ያሉትንም ሁለቱን የሚዛን ምሰሶ በሚመስል ዘንግ አገናኝቶ ጉልበቱ እኩል እንዲከፈል አደረገ። በእኔ አስተያየት ይህ የዘመኑ እጅግ አስተዋይ ሥራ ነው፤ ሠሪው የታምቡሩን ትልቅነት ብቻ ሳይሆን የጉልበቱን አከፋፈል አስቦበታልና።

አሁን ወደ ዋናው ነገር እንምጣ። በታጠፈ መንገድ ላይ የሚንሸራተት ገመድ ምን ያህል ጉልበት እንደሚያጣ የኦይለር ቀመር ይነግረናል፤ ጥፋቱ የሚያድገው በመታጠፉ ድምር ነው። የሰበቃው ልክ 0.15 ነው ብንልና ሽቦው በመንገዱ ሁሉ በድምሩ 180 ዲግሪ ቢታጠፍ፥ ከእጅ ከወጣው ጉልበት ከታምቡሩ የሚደርሰው 62 በመቶ ያህል ብቻ ነው። መታጠፉ ወደ 90 ዲግሪ ቢቀነስ 79 በመቶ ይደርሳል። ሽፋኑ ውስጡ በናይሎን ተለብጦ ሰበቃው ወደ 0.10 ቢወርድ ደግሞ 85 በመቶ ይሆናል። በታምቡሩ ላይ ምንም ሳይነካ፥ 62 የነበረው 85 ሆነ ማለት ነው። በዚህ ላይ ካሙን የሚያዞረው ክንድ አለ። ፍሬኑ በተያዘበት ሰዓት ሽቦውና ክንዱ 90 ዲግሪ ከሠሩ ጉልበቱ ሙሉ ነው፤ 60 ዲግሪ ሲሆን ወደ 87 በመቶ፥ 45 ዲግሪ ሲሆን ወደ 71 በመቶ ይወርዳል። ሸራው እያለቀ ሲሄድና ባለቤቱ ሽቦውን ብቻ እያሳጠረ ሲኖር ክንዱ ከዚህ ማእዘን አልፎ ይሄዳል። ብዙ ሰዎች ታምቡሬ ደከመ የሚሉት ይህን ነው።

እጀታውም ቢሆን ያው ነው። በእንግሊዝ ሞተሮች እጀታ ላይ ከማጠፊያው እስከ ሽቦው ጫፍ ያለው ርቀት ሁለት ዐይነት ነበር፤ 7/8 ኢንች ወይም 1 1/16 ኢንች። ከውጭ ሲታዩ አይለያዩም። ነገር ግን አጭሩ 21 በመቶ ያህል የበለጠ ጉልበት ይሰጣል፥ ዋጋውም የእጀታው ጉዞ መርዘሙ ነው። አንዱን በሌላው ቦታ የገጠመ ሰው ፍሬኑ ለምን እንደ ተለወጠ ሳያውቅ ዓመታት ሊነዳ ይችላል።

ለዚህ ሁሉ ከትራያምፍ ፋብሪካ የተሻለ ምስክር አይገኝም። በ1968 ዓመት ሞዴሉ 650 ሲሲ ሞተሮቹን ባለ 8 ኢንች፥ ሁለቱም ጫማዎች መሪ የሆኑበትን የፊት ታምቡር አለበሳቸው። ጥሩ ታምቡር ነበር። ሽቦው ግን ክንዱን ለማግኘት ከኋላ በኩል በሰፊው ዞሮ ይመጣ ነበር። በ1969 ሞዴል ክንዱ ተለውጦ እንደ ክርን የታጠፈ ሆነ፥ ሽቦውም ከፊት ሹካው ጎን ለጎን ቀጥ ብሎ ወረደ። መሠረታዊው ለውጥ ታምቡሩን ማስፋት ሳይሆን የሽቦውን መንገድ ማቅናት ነበር። በ1971 ያው ፋብሪካ አዲስ ሾጣጣ ማእከል ያለው ፍሬን ሲያወጣ ክንዶቹን አሳጠራቸው፤ የነጂዎች ቅሬታም በዛ። አንድ ፋብሪካ በሦስት ዓመት ውስጥ ትምህርቱን ተምሮ መርሳቱ ያስገርማል። በ1973 ወደ ዲስክ ዞረ።

ዲስኩ ያሸነፈው ዲስክ ስለ ሆነ ነው የሚለውን ለመፈተን አራት ሞተሮችን ጎን ለጎን ማስቀመጥ ይበቃል። የሚላኖው ኢኖቼንቲ በ1962 ላምብሬታ ቲቪ 175 በተባለው ስኩተሩ ፊት ላይ ዲስክ አደረገ፤ የሚጎትተው ግን ሽቦ ነበር። በ1960ዎቹ አጋማሽ ኤም ቪ አጉስታ ባለ አራት ሲሊንደር 600 ሲሲ ሞተሩን በካምፓኞሎ ዲስኮች አስጌጠ፤ እነዚህም በሽቦ የሚሠሩ ነበሩ። ሁለቱም ታምቡርን ከገበያ አላስወጡም። በሌላ በኩል ሃርሊ ዴቪድሰን በ1958 ዱኦ ግላይድ በተባለው ሞተር የኋላውን ታምቡር በዘይት ግፊት እንዲሠራ አደረገ፥ ታምቡሩም በሰላም ኖረ። የሆንዳ ሲቢ 750 በ1969 ለገበያ ሲቀርብ ግን ዲስኩና ዘይቱ በአንድነት ከፊት ጎማ ላይ ተገናኙ፤ ዓለምም ተከተለው። ዘይት በተጠማዘዘ ቱቦ ውስጥ ሲያልፍ እንደ ሽቦ ጉልበቱን በሰበቃ አያጣም። ስለዚህ ከ1969ኙ ድል ከፍ ያለው ድርሻ የዲስኩ ሳይሆን የዘይቱ ነው ብዬ ለመከራከር እደፍራለሁ። በከተሞቻችን የሚዘዋወረው ባለ ሦስት እግር ባጃጅም የሚቆመው በታምቡር ነው፤ የሚገፋው ግን ዘይት ነው።

አንድ ተቃውሞ ግን ሊናቅ አይገባውም፤ እርሱም ሙቀት ነው። ሞተሩና ነጂው በድምሩ 270 ኪሎ ቢመዝኑና በሰዓት 100 ኪሎ ሜትር ሲሄዱ ቢቆሙ፥ ወደ ሙቀት የሚለወጠው ኀይል 104,000 ጁል ያህል ነው። ይህ ሁሉ 3 ኪሎ ወደሚመዝን የብረት ታምቡር ቢገባ ታምቡሩ በአንድ ጊዜ 75 ዲግሪ ያህል ይሞቃል። በቍልቍለት ላይ ይህ ሲደጋገምና ሙቀቱ በ200 ዲግሪ ሲጨምር የ8 ኢንች ታምቡር ወገብ ግማሽ ሚሊ ሜትር ለመድረስ ጥቂት እስኪቀረው ይሰፋል፤ ግድግዳውም ከጫማው 0.22 ሚሊ ሜትር ይሸሻል። ከእጀታ እስከ ጫማ ያለው ብዜት 40 ቢሆን ይህ በነጂው ጣቶች ላይ 9 ሚሊ ሜትር ባዶ ጉዞ ይሆናል። ዲስክ ሲሞቅ ወደ ሸራው ይወፍራል እንጂ አይሸሽም። በዚህ ነጥብ ዲስኩ በእውነት ይበልጣል። ቢሆንም ጃኮሞ አጎስቲኒ ከ1966 ጀምሮ በ500 ሲሲ ክፍል በተከታታይ የዓለም ሻምፒዮን ሲሆን የነዳቸው የኤም ቪ አጉስታ ሞተሮች ባለ ታምቡር ነበሩ። በሚገባ አየር የሚያገኝና በሚገባ የተያዘ ታምቡር ሩቅ ሊሄድ እንደሚችል ከዚህ ይታያል።

የአሮጌ ሞተር ባለቤቶች ዛሬ የሚያደርጉት ሥራም ይህንኑ ታሪክ ተከትሎ የሚሄድ ነው። ታምቡሩን ቶርኖ ላይ የሚያስላጩት ጎማው ተገጣጥሞ ሳለ ነው፤ ቸርኬውን የወጠሩት ቀጫጭን ዘንጎች ታምቡሩን ስበው ክብነቱን ያበላሹታልና፥ ለብቻው የተላጨ ታምቡር ሲገጠም መልሶ ይጣመማል። የሸራው ክበብ ከታምቡሩ ክበብ ጋር እንዲገጥም ይላጫል፤ አዲስ ሸራ ያለዚህ በመካከሉ ወይም በጫፉ ብቻ ይነካል። ከዚያም የመሃሉን ዘንግ ዳዶ አላልተው፥ እጀታውን አጥብቀው ጨብጠው፥ ጫማዎቹ ሳሕኑን ራሳቸው መሃል ላይ ካስቀመጡት በኋላ ዳዶውን ያጠብቁታል። ይህ አምስት ደቂቃ የማይፈጅ ሥራ ብዙ ጊዜ ከአዲስ ሸራ የበለጠ ይጠቅማል። ሁለት ካም ባለው ፍሬን ላይ አገናኙ ዘንግ ሁለቱ ጫማዎች ባንድ ቅጽበት ታምቡሩን እንዲነኩ ሆኖ ይስተካከላል፤ አለዚያ አንዱ ይሠራል፥ ሌላው ይመለከታል። ሽቦው ወፍራም ሽፋን ያለውና አጭር ይሁን፥ መሪው ከዳር እስከ ዳር ሲዞር የትም አይጨነቅ። የሽቦው ጫፍ ከመበየዱ በፊት ክሮቹ እንደ አበባ ተበትነው በቆርቆሮና እርሳስ መሞላት አለባቸው፤ ሳይበተን የተበየደ ጫፍ የሚሾልከው እጀታው በኀይል በተጨበጠበት ሰዓት ነው። ያረጀ ታምቡር የሚከፍት ሰው ደግሞ ትቢያውን በአፉ ወይም በአየር መንፊያ እንዳያነሣው፥ በእርጥብ ጨርቅ እንዲጠርገው ያስፈልጋል፤ በውስጡ ያለው ሸራ የየትኛው ዘመን እንደ ሆነ በዐይን አይለይምና።