ቆሻሻ የሚጨምቀው መኪናና ጠጋኙ

ስለ መኪና ታሪክ የሚጽፉ ሰዎች ልማዳቸው የፈልሳፊውን ስም፣ የፈለሰፈበትን ዓመትና በዚህም ያገኘውን ዝና መዘርዘር ነው። መኪናው ከተሸጠ በኋላ ዘይቱን ማን እንደ ለወጠለት፣ ብሎኑን ማን እንዳጠበቀለት፣ በሥሩስ ተንጋሎ የተበሳውን ቱቦ ማን እንደ ቀየረለት ግን አይነግሩንም። መኪናው የሚሠራው ሥራ ሰው አፍንጫውን ይዞ የሚያልፈው ሥራ በሆነ ጊዜ ደግሞ ዝምታው እጥፍ ይሆናል። እዚህ የማቀርበው ጥናት የዚህን ዝምታ አንድ ክፍል ለመግለጥ የታሰበ ነው። የምናገርበት ዕቃ የከተማና የመደብር ቆሻሻ የሚነሣበትና የሚጨመቅበት መኪና ነው፤ ዋናው ቦታም የአሜሪካው የቴነሲ ክፍለ ሀገር ነው፤ ምክንያቱም መኪናው ለታላቅነቱ የበቃውም፣ ክፉ ምልክቱን የተወውም በዚያው አገር ነውና። የእኛ አቆጣጠር መሆኑን ካላመለከትሁ በቀር ዓመቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ከሞተር በፊት የነበረው ዘመን ብዙ አያቆየንም። በለንደን ከየቤቱ የሚወጣው ቆሻሻ አብዛኛው የከሰል አመድ ስለ ነበረ፣ አመዱ ተበጥሮ ለጡብ ሠሪዎች ይሸጥ ነበር፤ ቆሻሻ አንሺውም አካፋና ጋሪ እንጂ ሌላ መሣሪያ አላስፈለገውም። በፓሪስ ኤዠን ፑቤል የተባለው የሴን አውራጃ ገዥ እያንዳንዱ ባለቤት ክዳን ያለው ዕቃ እንዲያዘጋጅ ትእዛዝ ሰጠ፤ ትእዛዙም በ1884 ሥራ ላይ ዋለ። ትእዛዙ ለሚበሰብሰው አንድ፣ ለወረቀትና ለጨርቅ አንድ፣ ለጠርሙስና ለሸክላ ስባሪ ሌላ ዕቃ እንዲኖር የሚጠይቅ ነበር። ጨርቅ ለቃሚዎቹ እንጀራችን ተወሰደ ብለው ጮኹ፤ ሕዝቡም በገዥው ላይ ለመሣለቅ ዕቃውን በስሙ ጠራው። ፈረንሣዮች እስከ ዛሬ የቆሻሻ ዕቃን ፑቤል ይሉታል። እንግሊዞች ደግሞ ከዚያ ቀደም ብለው በ1874 በኖቲንግሃም ከተማ አልፍሬድ ፍራየር በሠራው ምድጃ የከተማ ቆሻሻ ማቃጠል ጀምረው ነበር።

ትልቁ ለውጥ የመጣው ሣጥኑን ከመኪናው ጋር ያጋቡት ጊዜ ነው። በቴነሲ በኖክስቪል ከተማ ከወንድሞቹ ጋር የሥራ ተቋራጭ የነበረው ጆርጅ ዴምፕስተር፣ የብረት ሣጥን በአንድ ቦታ ተቀምጦ ከሞላ በኋላ መኪና መጥቶ በራሱ ክንድ አንሥቶ የሚወስድበትን ዘዴ በ1935 አወጣ፤ የፈልሳፊነት መብቱንም በ1937 አገኘ። ስሙን መጫን ከሚለው የእንግሊዝኛ ቃል ጋር ሳይሆን መድፋት ከሚለው ጋር አጣምሮ ሣጥኑን ዳምፕስተር አለው፤ ዛሬ በአሜሪካ ከየመደብሩና ከየምግብ ቤቱ ጓሮ ያለው የብረት ሣጥን ሁሉ የሚጠራው በዚህ ስም ነው። ሰውዬው ኋላ ከ1952 እስከ 1955 የከተማው ከንቲባ ሆነ። ፑቤል ገዥ ሆኖ ሳለ ስሙ ለቆሻሻ ዕቃ ተሰጠ፤ ዴምፕስተር ስሙን ለቆሻሻ ሣጥን ሰጥቶ ሹመት አገኘ፤ የዘመኑ ልዩነት በዚህ ይታወቃል።

በ1938 ደግሞ ጋር ዉድ የተባለው ኩባንያ ቆሻሻውን ከጫነ በኋላ በዘይት ግፊት እየጨመቀ የሚያጠጋጋ መኪና አወጣ። ከዚህ በፊት የነበረው መኪና ገለባ እንደ ጫነ ጋሪ ሳይከብድ የሚሞላ ነበረ። አዲሱ ግን ብዙውን ቆሻሻ በትንሽ ቦታ ስለሚያኖር ምልልሱን ቀነሰ። ሥራው የሚከናወነው እንዲህ ነው። የመኪናው ሞተር ጎማውን ከሚያዞርበት ኃይል ከፍሎ አንድ ፓምፕ ያዞራል፤ ፓምፑ ከማጠራቀሚያው ዘይት ስቦ በወፍራም ቱቦ ወደ ሲሊንደር ይገፋል፤ በሲሊንደሩ ውስጥ ያለው ፒስቶን ወደ ፊት ሲሄድ ከጫፉ የታሰረው የብረት ምላስ ቆሻሻውን ከግድግዳው ጋር ያጣብቀዋል። አንድ ሰው በጣቱ የሚገፋት ትንሽ እጀታ የብዙ በሬ ጉልበት ታዛለች።

ይህ ጉልበት ግን ያለ ጠባቂ አይቆይም። ቆሻሻ ዝም ብሎ የሚጫን ዕቃ አይደለም፤ ሲጨመቅ ውኃ ያወጣል፤ ውኃውም ኮምጣጣ ስለ ሆነ ላሜራውን ከወለሉ ጀምሮ ይበላዋል። አሸዋና የጠርሙስ ስባሪ በብረት ምላሱ መሄጃ እየገባ ማንሸራተቻውን ይሞርደዋል፤ ማንሸራተቻው ሲያልቅ ምላሱ ይጣመማል፣ ይነክሳል፣ በመጨረሻም ይቆማል። አቧራ ወደ ዘይቱ የገባ እንደ ሆነ ፊልትሮው ይደፈናል፤ ዘይቱ ይግላል፤ ዘይት የሚያግደው የጎማ ቀለበት ይደርቅና ሲሊንደሩ ማልቀስ ይጀምራል። የሣጥኑም ነገር እንደዚሁ ነው፤ በመጀመሪያ የሚዝገው የታችኛው ማእዘኑ ነው፤ ከዚያም የማንሻ ጆሮው ብየዳ ይሰነጠቃል፤ የተሰነጠቀ ጆሮ ያለው ሣጥን በአየር ላይ ሳለ ቢለቅ ከሥሩ ያለ ሰው አይተርፍም። ስለዚህ ደኅና ጠጋኝ በየዕለቱ ዘይቱን ይለካል፣ ቱቦውን ይመረምራል፣ መገጣጠሚያውን ግራሶ ያጠጣል፣ ብየዳውን በመዶሻ እየመታ ድምፁን ያዳምጣል። ቱቦ ሲመረምር በእጁ አይዳብስም፤ ካርቶን ያስጠጋል፤ በመርፌ ቀዳዳ የሚወጣ የተጨነቀ ዘይት ቆዳን በስቶ ሥጋ ውስጥ ሊገባ ይችላልና። ከተነሣ የመኪና ሣጥን ሥር የሚገባውም በብረት ድጋፍ ካስደገፈ በኋላ ብቻ ነው፤ ሞተሩ ቢጠፋም በዘይቱ ውስጥ የታመቀው ግፊት አብሮ አይጠፋም።

(በቅንፍ ላስታውስ፤ ግራሶ፣ ላሜራ፣ ፊልትሮ፣ ጎማ፣ ኩሽኔት እያልን የምንናገረው ሁሉ የጣሊያንኛ ቃል ነው። መኪናውን ያመጣው ማን እንደ ሆነ ከመዝገብ ይልቅ የጋራዡ ቋንቋ አጥርቶ ይመሰክራል። የቋንቋ ተመራማሪዎቻችን ወደ ገዳም ብቻ ሳይሆን ወደ ጋራዥም ቢሄዱ መልካም ነበር።)

አሁን ወደ ሜምፊስ እንመለስ። ይህች ከተማ በዚያው በቴነሲ፣ በሚሲሲፒ ወንዝ ዳር ያለች ናት። በ1960ዎቹ የከተማዋን ቆሻሻ የሚያነሡት ሠራተኞች ከጥቂቶች በቀር ሁሉም ጥቁሮች ነበሩ። ከየቤቱ ጓሮ ቆሻሻውን በገበቴ አድርገው በራሳቸው ወይም በጫንቃቸው ተሸክመው ያወጡ ነበር፤ ገበቴው የተበሳ በሆነ ጊዜ ውኃው በላያቸው ይፈስ ነበር። ደመወዛቸው በሰዓት 2 ዶላር አይሞላም። ዝናብ በዘነበ ጊዜ በነጮች ሰፈር በየቤቱ ሰገነት እንዲጠለሉ አይፈቀድላቸውም ነበር፤ ስለዚህ መጠለያቸው የቆሻሻው መኪና ራሱ ነበረ። ይህ ሕግ በመኪናው ላይ አልተጻፈም፤ መኪናው ሲሠራም አልታሰበም። ሆኖም የሰው ልጅ በገዛ እጁ በሠራው ሥርዓት የተነሣ ሰው በብረት ምላስ ፊት ቆሞ ዝናብ የሚያሳልፍበት ልማድ ተፈጠረ።

መኪኖቹም ያረጁ ነበሩ። ማኅበራቸውን ለማቋቋም ይታገሉ የነበሩት ሠራተኞች እነዚህ መኪኖች እንዲለወጡ ጠይቀው ነበር፤ በ1964 ሁለት ሠራተኞች በቆሻሻ መኪና አደጋ ሞተው ነበርና። ከተማው ግን ገንዘብ መቆጠብን መረጠ። ፌብሩዋሪ 1 ቀን 1968፣ በእኛ አቆጣጠር ጥር 23 ቀን 1960 ዓ.ም.፣ ኃይለኛ ዝናብ ሲዘንብ ኤኮል ኮልና ሮበርት ዎከር የተባሉ ሁለት ሠራተኞች ከመኪናው የኋላ ሆድ ገብተው ተጠለሉ። መጭመቂያው ማንም ሳያዘው ተነሣ። ሹፌሩ መኪናውን አቁሞ ማጥፊያውን ቢጫንም አልታዘዘለትም፤ ሁለቱም ሰዎች ተጨፍልቀው ሞቱ። በጊዜው የተሰጠው ምክንያት የኤሌክትሪክ ሽቦ ተነካክቶ ነው የሚል ነበር። የሕይወት ዋስትና ስላልነበራቸው ከተማው ለየቤተሰባቸው የአንድ ወር ደመወዝና 500 ዶላር ብቻ ሰጠ።

የተነካካ ሽቦ ትንሽ ነገር ነው። አንድ ጠጋኝ በአንድ ጥዋት ሊለውጠውና በጨርቅ ሊጠቀልለው ይችል ነበር። ነገር ግን ያልተለወጠው ጠጋኝ ስለ ጠፋ ነው ብዬ አላምንም፤ መኪናውን ለማሳደስ የሚወጣው ገንዘብና በመኪናው የሚሠራው ሰው ሕይወት በአንድ ሚዛን ሲቀመጡ ሰውየው ቀልሎ ስለ ተገኘ ነው። ፌብሩዋሪ 12 ቀን 1,300 ያህል ሠራተኞች ሥራ አቆሙ። ከንቲባው ሄንሪ ሎብ ማኅበራቸውን አላውቅም አለ። ሠራተኞቹም ሰው ነኝ የሚል ጽሑፍ በደረታቸው አንጠልጥለው በየመንገዱ ተሰለፉ። ቄስ ማርቲን ሉተር ኪንግ ሊረዷቸው ወደ ሜምፊስ መጥተው ሳለ ኤፕሪል 4 ቀን በጥይት ተገደሉ። ኤፕሪል 16 ቀን ከተማው ማኅበሩን አውቆ፣ ደመወዝ ጨምሮ ስምምነት ተደረገ። የኪንግን አሟሟት ዓለም ሁሉ ያውቀዋል፤ ወደዚያች ከተማ ከወሰዷቸው ነገሮች አንዱ ያልታደሰ የቆሻሻ መኪና መሆኑን የሚያስታውስ ግን ጥቂት ነው።

የዚህ ጆርናል አንባቢ ነገሩን ከአገሩ ልማድ ጋር ሳያስተያይ አያልፍም። ብረትን የሚያቀልጥና የሚጠግን ሰው በእኛ ዘንድ ጠይብ ተብሎ ሲሰደብ፣ በዓይኑ ይበላል ተብሎ ሲሸሽ፣ ከርስትና ከጋብቻ ሲለይ ኖሯል፤ ማረሻውን ግን ሁሉም ከእጁ ይወስድ ነበር። ዳግማዊ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. በእኛ አቆጣጠር ባለሙያን በሥራው የሚሰድብ ሰው እንዲቀጣ አዋጅ አስነግረው ነበር፤ አዋጅ ማስነገር ያስፈለጋቸውም ስድቡ ሥር የሰደደ ስለ ነበረ ነው። ዛሬም በመርካቶ ምናለሽ ተራ ያሉት ሠራተኞች በርሜሉን ቆርጠው ምድጃ፣ አሮጌውን ጎማ ገመድና መጫሚያ ያደርጋሉ፤ ቁራሌው በየሰፈሩ እየዞረ የሚሰበስበው ዕቃ አዲስ ሕይወት ከሚያገኝባቸው ቦታዎች አንዱ እዚያ ነው። አንድ የኢኮኖሚ ሊቅ ይህን ሲያይ ድህነት ይለዋል፤ እኔ ግን በጽሑፍ ያልሰፈረ የጥገና ትምህርት ቤት ነው ብል አልሳሳትም።

የረጲው የቆሻሻ ክምር፣ ሕዝቡ ቆሼ የሚለው፣ መጋቢት 2 ቀን 2009 ዓ.ም. በእኛ አቆጣጠር ተንዶ ከ110 የሚበልጡ ሰዎችን ቀበረ። በዓመቱ በነሐሴ 2010 በዚያው አጠገብ በቀን እስከ 1,400 ቶን ቆሻሻ አቃጥሎ የኤሌክትሪክ ኃይል እንዲያመነጭ የታቀደ ፋብሪካ ተመረቀ። የምርቃት ቀን ሪባን የሚቆረጥበት ቀን ነው። እንዲህ ያለው ፋብሪካ የሚኖረው ግን በየቀኑ የምድጃው ፍርግርግ ሲመረመር፣ የእንፋሎቱ ቱቦ ከጥላሸት ሲጸዳ፣ የጭሱ ማጣሪያ ከረጢት ሲለወጥ ነው፤ ለዚህም ቀን ሪባን የሚቆርጥ ሹም የለም።

ወደ አሜሪካ ሕግ ስመለስ፣ ሠራተኛን ከሥራ አደጋ የሚጠብቀው የፌደራል ሕግ የወጣው ሜምፊስ ካለፈ በኋላ በ1970 ነው። ከዚያም በ1989 አንድ ደንብ ወጣ፤ በእኔ አስተያየት ከብዙ ንግግር ይልቅ የሚጠቅም ደንብ ነው። መኪና የሚጠግን ሰው የመኪናውን ኃይል ከምንጩ ካቋረጠ በኋላ በማቋረጫው ላይ የገዛ ራሱን ቁልፍ ይቆልፍበታል፤ የታመቀውን ግፊት ያስተነፍሳል፤ እንዳይነሣም ሞክሮ ያረጋግጣል። ሦስት ሰዎች ቢሠሩ ሦስት ቁልፎች ይንጠለጠላሉ፤ ሦስተኛው ሰው ወጥቶ ቁልፉን እስኪፈታ ድረስ አለቃም ቢሆን መኪናውን ሊያስነሣ አይችልም። ስለዚህ ያ ትንሽ ብረት የጠጋኙን ሕይወት በጠጋኙ ኪስ ውስጥ አስቀመጠው ማለት ነው።

በየመደብሩ ጓሮ ያለው የካርቶን መጭመቂያም ከዚህ ጥንቃቄ ውጭ አልሆነም። በውጭ አገር በተማርሁበት ዘመን እንዲህ ያለውን መኪና ብዙ ጊዜ አይቼዋለሁ፤ ካርቶኑን የሚያጎርሱት ብዙውን ጊዜ ከትምህርት ሰዓት በኋላ የሚሠሩ ልጆች ነበሩ። በ1996 የወጣው ሕግ የ16ና የ17 ዓመት ልጆች ካርቶን እንዲያጎርሱ ፈቀደ፤ እንዲያስነሡትና እንዲያወርዱበት ግን አልፈቀደም። መኪናውም ሲጎርስ የማይንቀሳቀስ፣ ማስነሻው በቁልፍ የሚዘጋ፣ ቁልፉም 18 ዓመት በሞላው ሰው እጅ የሚጠበቅ መሆን አለበት።

አንድ ጉድለት ግን አለ። የ1970ው የፌደራል ሕግ በራሱ የከተማና የክፍለ ሀገር መንግሥት ሠራተኞችን አያካትትም፤ እንዲካተቱ እያንዳንዱ ክፍለ ሀገር የራሱን ሥርዓት ማቆም አለበት። ቴነሲ አቁማለች፤ ሥርዓት ያላቆሙ ክፍለ ሀገሮች ግን አሉ። በእነዚህ ቦታዎች የግል ኩባንያ መኪና የሚጠግነው ሰው በፌደራሉ ደንብ ይጠበቃል፤ ያንኑ ዓይነት መኪና በከተማ ጋራዥ የሚጠግነው ግን አይጠበቅም። የሜምፊስን ሥራ ማቆም ያዩት ሽማግሎች ደግሞ በ1968 ከከተማው ጡረታ ውጭ ሆነው ስለ ቀሩ ብዙዎቹ እስከ እርጅናቸው ሲሠሩ ኖሩ። በ2017 ከተማው በሕይወት ለነበሩት 14 ሰዎች ለእያንዳንዳቸው 50,000 ዶላር እንዲሰጥ ወሰነ፤ ከመካከላቸውም አንዳንዶቹ በዚያን ጊዜ ገና በቆሻሻ መኪና ላይ ይሠሩ ነበር።