«ግርሻ»፦ ለሪግሬሽን የሚመጥን አማርኛ

በስርዓተ ክወና ሥራ «ሪግሬሽን» የሚባለው፣ ደህና ይሠራ የነበረ ነገር ለማሻሻያ በገባ ለውጥ ሳቢያ መሥራቱን ሲያቆም ነው። የሊኑክስ ከርነል፣ ማለትም የስርዓቱ አስኳል፣ ወደ አዲስ ዕትም ከተሸጋገረ በኋላ የዋይፋይ ካርዱን የሚያዘው ድራይቨር መረቡን እያየ መገናኘት ቢያቅተው፣ ኮምፒውተሩ በቀድሞው ከርነል ሲነሣ ግን ያው ካርድ ያለ ችግር ቢገናኝ፣ ጥፋቱ የካርዱ ሳይሆን የለውጡ መሆኑ ይታወቃል።

ይህን «ወደ ኋላ መመለስ» የሚሉ ተርጓሚዎች በሽታውንና መድኃኒቱን በአንድ ስም ይጠራሉ፤ ጥፋተኛው ለውጥ ሲገኝ ብዙ ጊዜ የሚደረገው ለውጡን ሽሮ ኮዱን ወደ ነበረበት መመለስ ስለሆነ፣ አንባቢ የትኛው መመለስ እንደተነገረው መለየት ይሳነዋል። «ማፈግፈግ» አስቦበት ቦታ ለሚለቅ ሠራዊት የሚነገር እንጂ ሳይታሰብ ለተሰናከለ ድራይቨር የሚሆን አይደለም። «ድቀት» ደግሞ «ልደት» ከ«ወለደ» በወጣበት መንገድ ከ«ወደቀ» የወጣ ያማረ ቃል ቢሆንም፣ የኢኮኖሚ ባለሙያዎች ቀድመው ወስደውታል።

የሚሻለው «አገረሸ» ከሚለው ግስ ጋር አንድ ሥር ያለው «ግርሻ» ነው። የሻረ የመሰለ ሕመም ሲመለስ «አገረሸበት» ይባላል፤ ጋብ ብሎ የነበረ ጦርነት ሲቀሰቀስም ቃሉ ያው ነው። ግርሻ የዱሮው ሕመም መመለስ እንጂ አዲስ እንከን አይደለም የሚል ተቃውሞ ሊነሣ ይችላል፤ ነገር ግን ድራይቨር ሳይጻፍለት በፊት ካርዱ በሊኑክስ አይሠራም ነበርና፣ ድራይቨሩ ሲሰናከል ተጠቃሚው የሚገጥመው ያው የቀድሞው ችግር ነው።

ቃሉ ከምርመራው ቋንቋም ጋር ይስማማል። ሊኑስ ቶርቫልድስ እ.ኤ.አ. በ2005 ለከርነሉ ሥራ የፈጠረው ጊት የተባለው መሣሪያ፣ መርማሪው አንዱን ዕትም «ደህና»፣ ሌላውን «መጥፎ» ብሎ እንዲለይ ካደረገ በኋላ በመካከላቸው ያሉትን ለውጦች እያጋመሰ ያስፈትሻል፤ ለውጦቹ 10,000 ቢሆኑ እንኳ 14 ያህል ሙከራ ያገረሸበትን ለውጥ ለይቶ ያወጣል። ይህም «ማጋመስ» ቢባል ሌላ ቃል መፈለግ አያሻም።

የሊኑክስ ከርነል ሠሪዎች የመጀመሪያ ደንብ ነባር አሠራርን የሚያሰናክል ለውጥ አለማስገባት ነው። ይህ ደንብ በአማርኛ «ግርሻ አይፈቀድም» ተብሎ በሁለት ቃል ሊጻፍ እየቻለ «ሪግሬሽን»ን እንዳለ መዋስ የቋንቋው ድህነት ሳይሆን የተርጓሚው ስንፍና ነው።