ቃሬዛና ሕጉ

መኪና ወደ ገጠር ከመዝለቁ አስቀድሞ በኢትዮጵያ በጎዳና ላይ ጉዳት የደረሰበት ሰው በቃሬዛ፣ ማለትም ሁለት ረጃጅም አጣናዎችን በጠፍር ወይም በገመድ አያይዘው አራት ሰዎች በትከሻ በሚሸከሙት የሕሙማን ማጓጓዣ ይወሰድ የነበረ ሲሆን፣ ተሸካሚዎቹ ሲደክሙ ያገኙት መንገደኛ፣ ዘመድም ሆነ ባዳ፣ ተቀብሎ ያግዛቸው ነበር። እምቢ ያለ የሚደርስበት ቅጣት ነውር ነበር፤ እሱም ቀላል አልነበረም።

ስዊዘርላንዳዊው የሕግ ሊቅ ዣን ግራቨን ያረቀቀው የ1949 ዓ.ም. የወንጀለኛ መቅጫ ሕግ ግን ራሱን ለአደጋ ሳያጋልጥ መርዳት እየቻለ በብርቱ አደጋ ላይ የወደቀን ሰው ሆን ብሎ ጥሎ መሄድን በወንጀል አስቀጣ። ድንጋጌው በ1996 ዓ.ም. የወንጀል ሕግ አንቀጽ 575 ቀጥሏል፤ ጥሎ የሄደው ጉዳቱን ያደረሰው ሰው ራሱ ከሆነም ቅጣቱ ይከብዳል።