ቁም ሳጥን ላይ የተረሳው ማህደር

በአዲስ አበባ የድሮ ቤቶች ውስጥ ቁም ሳጥን አናት ላይ ወይም አልጋ ስር የተረሳ የሸክላ ካርቶን አይጠፋም። አባወራው ሲያርፉ ወይም ሰፈሩ ሲፈርስ ካርቶኑ አቧራውን እንደለበሰ ይወርዳል። ማጫወቻው ከተበላሸ ስንት ዘመኑ! ልጆቹ ገልበጥ ገልበጥ ያደርጉና "ይሄ አሁን ምን ይሠራል?" ይላሉ። ቀጥሎ የሚጠራው ቆራሌው ነው።

ቆራሌው ይዞት የሚሄደው ግን የአገር ታሪክ ሊሆን ይችላል። ይህን ለመረዳት ትንሽ ወደ ኋላ መለስ ማለት ያስፈልጋል። (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።)

የኢትዮጵያ ሙዚቃ በሸክላ መቀረጽ ከጀመረ ከመቶ ዓመት በላይ ሆኖታል። ነጋድራስ ተሰማ እሸቴ በዳግማዊ ምኒልክ ዘመን ወደ ጀርመን ተልከው ሳለ፣ በ1908 አካባቢ ድምፃቸውን በርሊን ላይ አስቀረጹ። የዚያ ዘመን ሸክላ በደቂቃ 78 ጊዜ የሚዞር፣ ሼላክ ከሚባል ከነፍሳት የሚገኝ ሙጫና ከድንጋይ ዱቄት የሚሠራ ነበር። ከእጅ ከወደቀ እንደ ጀበና ይሰበራል። "ሸክላ" የሚለው ስም በልኩ የተሰፋለት ነው። በ1940ዎቹ መጨረሻ አሜሪካ ውስጥ ገበያ ላይ የዋለው ቪኒል ግን ፕላስቲክ ነው፤ ይጣመማል እንጂ እንደዚያ አይሰበርም። በአማርኛ ሁለቱም "ሸክላ" ተብለው ቀሩ። ይህ የስም መመሳሰል ዋጋ የሚያስከፍልበት ቦታ አለ፤ ወደ በኋላ ይመጣል።

በ1948 የወጣ የንጉሠ ነገሥቱ ድንጋጌ ሸክላ የማሳተምና ከውጭ የማስገባት መብትን ለሀገር ፍቅር ብቻ ሰጠ። መብቱ በአንድ እጅ ተይዞ ሥራው ግን ብዙም አልተሠራም። በ1960ዎቹ የክብር ዘበኛ፣ የፖሊስና የጦር ሠራዊት ኦርኬስትራዎች ከተማዋን ሲያናውጧት፣ አብዛኛው ዜማ በመድረክና በሬዲዮ ተሰምቶ እዚያው ይቀር ነበር። ገዝቶ ቤት ይዞት የሚገባው ሰው አልነበረም።

ይህን የሰበረው አንድ ሙዚቃ ቤት የነበረው በሃያዎቹ ዕድሜ ያለ ወጣት ነው። አምሃ እሸቴ የውጭ ሸክላ ሲሸጥ ቆይቶ፣ "የራሳችን ዘፈን ለምን አይታተምም?" የሚለው ጥያቄ እረፍት ነሳው። በ1969 ድንጋጌውን ወደ ጎን ትቶ አምሃ ሬከርድስን መሠረተ። ከመጀመሪያዎቹ መካከል የዓለማየሁ እሸቴ ሸክላ ወጣ። ማሕሙድ አሕመድ፣ ሙሉቀን መለሰ፣ ግርማ በየነ፣ ሙላቱ አስታጥቄ ተከተሉ። እስከ 1975 ባሉት ስድስት ዓመታት ከመቶ ያላነሱ ነጠላ ሸክላዎችና ከአስር የሚበልጡ አልበሞች አሳተመ። አሊ አብደላ ካይፋ (አሊ ታንጎ) እና የፊሊፕስ ኩባንያም በየፊናቸው ገቡበት።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልብ ይሏል። አገር ውስጥ የሸክላ ማተሚያ ፋብሪካ አልነበረም። ዘፈኑ አዲስ አበባ ላይ በቴፕ ይቀረጻል፣ ቴፑ ባሕር ይሻገራል፣ መጀመሪያ ሕንድ፣ በኋላም ሊባኖስ ታትሞ ሸክላ ሆኖ ይመለሳል። ማለትም የሙዚቃው ግማሽ ዕጣ ከጅምሩ በሰው አገር እጅ ነበር።

ከዚያ 1974 መጣ። አብዮቱ፣ ሰዓት እላፊው፣ የሌሊቱ ሕይወት መቆም። አምሃ በ1975 ወደ አሜሪካ ወጣ። በዚያው ዓመት ቤይሩትም በእርስ በርስ ጦርነት ተያያዘች። በርካሽ የሚገለበጠው ካሴት ገበያውን ተረከበ፤ በ1970ዎቹ መጨረሻ አዲስ ሸክላ መውጣቱ ቆመ። የነበረውም ወደ ካርቶን ገባ።

ካርቶኑን የከፈተው ሌላ ሰው ሆነ። ፍራንሲስ ፋልሴቶ የተባለ ፈረንሳዊ በ1984 የማሕሙድ አሕመድን "ኧረ መላ መላ" በሸክላ ሰማና አገሩ መቀመጥ አቃተው። አልበሙ በ1986 ቤልጅየም ውስጥ ታተመ። በ1990ዎቹ መጨረሻ ከእነ አምሃ ጋር በመስማማት "ኢትዮፒክስ" የተሰኘው ተከታታይ ተጀመረ፤ ከሃያ አምስት በላይ ሲዲዎች ወጡ። የተሰማ እሸቴ የበርሊን ቅጂ ሳይቀር በዚህ ተከታታይ ተመልሶ ተሰማ። በ2005 የሙላቱ ሙዚቃ በአሜሪካ ፊልም ገባ። የድሮ የኢትዮጵያ ሸክላ በዓለም ሰብሳቢዎች ዘንድ የሚፈለግ ዕቃ ሆነ።

"ፈረንጅ ሙዚቃችንን ወሰደው" የሚል ቅሬታ ከዚያ ወዲህ ተደጋግሞ ይሰማል። ቅሬታው መሠረት የለውም አይባልም። ግን ሌላውን ጎንም ማየት ነው፦ ድንጋጌ የተሰጠው ተቋም ያላደረገውን አንድ ባለ ሱቅ አደረገው፤ ባለ ሱቁ ሲሰደድ ደግሞ ሸክላውን ያቆየው በየቤቱ ያለ ተራ አድማጭ ነው። የኢትዮጵያ ዘመናዊ ሙዚቃ ማህደር ቁም ሳጥን ላይ ያለው ካርቶን ነበር። ዛሬም በከፊል እሱው ነው።

ዋናው ቴፕ ከጠፋ፣ የተረፈው አንድ ሸክላ ራሱ ዋና ቅጂ ይሆናል። ድምፁ ሸክላው ላይ በቀጭን ቦይ ተቀርጿል፤ መርፌ በአቧራ ላይ ሲሄድ ያንን ቦይ ይፍቃል። የተፋቀ አይመለስም። ስለዚህ አያያዙ ቀላል ግን ጥብቅ ነው።

🔸 ሸክላ እንደ እንጀራ አይደራረብም፤ እንደ መጽሐፍ ቀጥ ብሎ ይቆማል። ፀሐይና ሙቀት ቪኒልን ያጣምማሉ።

🔸 የሚያዘው በጠርዙ ነው። የጣት ቅባት አቧራ ይጠራል።

🔸 አቧራው በለስላሳ ብሩሽ፣ በክቡ አቅጣጫ ይጠረጋል። መታጠብ ካለበት በተጣራ ውሃ ነው፤ መሀል ያለው ወረቀት መራስ የለበትም።

🔸 የስሙ መዘዝ እዚህ ነው፦ ባለ 78ቱን ሸክላ በአልኮል የጠረገ ሰው ያሟሟዋል። ሼላክ አልኮል አይችልም።

🔸 የድሮው ባለ ብረት መርፌ ግራማፎን ቪኒልን ያርሰዋል። ለ78ቱ የሚሆነው መርፌም ለቪኒሉ አይሆንም።

🔸 መሀል ያለው ወረቀትና ሽፋኑ አይጣሉ። የአሳታሚው ስም፣ የሸክላው ቁጥር፣ የባንዱ ስም የሚገኘው እዚያ ላይ ነው። የአምሃ ሸክላ ቁጥሩ ላይ "ኤ ኢ" የሚሉ የእንግሊዝኛ ፊደላት አሉት።

አምሃ እሸቴ በ2021 አረፈ። ያሳተማቸው ሸክላዎች ግን አንዳንዶቹ ዛሬም ባለቤቶቻቸው ስማቸውን እንኳ በማያውቋቸው ካርቶኖች ውስጥ ናቸው። ያንን ካርቶን የያዘ ቤተሰብ መሸጥ መብቱ ነው፤ ችግርም ሊያሸጥ ይችላል። ከመሸጡ በፊት ግን ደህና ማጫወቻ ካለው ሰው ዘንድ ወስዶ በዲጂታል ማስገልበጥ፣ የሸክላውን ሁለቱንም ገጽ በስልክ ፎቶ ማንሳት የአንድ ከሰዓት ሥራ ነው። አዛውንቱ በሕይወት ካሉ ደግሞ "ይሄን የት ገዙት? ማን ይጫወት ነበር?" ብሎ መጠየቅና መልሱን መጻፍ።

ቆራሌው ነገም ይመጣል።