የአመራር ለውጥና የፌዴራል መንግሥት ሥልጣን በትምህርት ዘርፍ

ለትምህርት ሚኒስቴር አዲስ ሚኒስትር በተሾመ ቁጥር ተማሪዎች፣ ወላጆችና መምህራን ተመሳሳይ ጥያቄዎችን ያነሳሉ። ሥርዓተ ትምህርቱ ይለወጣል? የተጀመረው ጉዳይስ ምን ይሆናል? አቤቱታ የሚቀርበው ለማን ነው? መልሱ የሚገኘው ከተሿሚው ማንነት ይልቅ ሕግ ለእያንዳንዱ የመንግሥት እርከን ከሰጠው ሥልጣን ነው።

አሿሿምና የፖሊሲ ቀጣይነት

በኢፌዴሪ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 74 መሠረት ጠቅላይ ሚኒስትሩ ዕጩ ሚኒስትሮችን ለሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት አቅርበው ሹመታቸውን ያስጸድቃሉ። የተሾመው ሚኒስትር ሥራውን የሚመራው በሥራ ላይ ያሉ ሕጎችና ፖሊሲዎች በሚፈቅዱት ወሰን ነው። ሚኒስትር ሲቀየር ፖሊሲ በራሱ አይሻርም። በ1986 ዓ.ም. የወጣው የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ በ2015 ዓ.ም. በአዲስ ፖሊሲ እስኪተካ ድረስ በርካታ ሚኒስትሮች ተፈራርቀውበታል።

የፌዴራል መንግሥትና የክልሎች ድርሻ

በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 51 መሠረት የፌዴራል መንግሥት በትምህርት ረገድ አገር አቀፍ መመዘኛዎችንና መሠረታዊ የፖሊሲ መለኪያዎችን ያወጣል፤ ያስፈጽማል። የሥርዓተ ትምህርት ማዕቀፍ፣ የ12ኛ ክፍል አገር አቀፍ ፈተናና የተማሪዎች የመንግሥት ዩኒቨርሲቲ ምደባ በዚሁ እርከን ይመራሉ። በአዋጅ ቁጥር 1263/2014 የትምህርት ሚኒስቴር የአጠቃላይ ትምህርትንና የከፍተኛ ትምህርትን በአንድነት እንዲመራ ሲደረግ፣ የቴክኒክና ሙያ ሥልጠና ለሥራና ክህሎት ሚኒስቴር ተሰጥቷል።

ትምህርት ቤቶችን የሚያስተዳድሩት፣ መምህራንን የሚቀጥሩትና ደመወዝ የሚከፍሉት ግን ክልሎችና የከተማ አስተዳደሮች ናቸው። የመጀመሪያ ደረጃ ትምህርት የሚሰጥበትን ቋንቋ የሚወስኑትም እነርሱ ናቸው። የ6ኛና የ8ኛ ክፍል ፈተናዎችም በክልል ወይም በከተማ አስተዳደር ደረጃ ይሰጣሉ።

አዲስ አመራር ምን ሊለውጥ ይችላል?

በመስከረም 2014 ዓ.ም. ፕሮፌሰር ብርሃኑ ነጋ የትምህርት ሚኒስትር ሆነው ተሾሙ። በቀጣዩ ዓመት ጥቅምት ወር ኩረጃን ለመከላከል ሲባል የ12ኛ ክፍል ፈተና በዩኒቨርሲቲዎች ውስጥ ተሰጠ። 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት ተፈታኞች 3.3 በመቶ ብቻ ነበሩ። ከዚህ በታች ካመጡት መካከል ተመርጠው የአቅም ማሻሻያ ትምህርት በዩኒቨርሲቲዎች እንዲከታተሉ የተደረጉ ነበሩ።

ይህ አጋጣሚ የሥልጣኑን ስፋትም ወሰንም ያሳያል። የፈተናውን አሰጣጥ መለወጥ በፌዴራል መንግሥት ሥልጣን ሥር ነው። ውጤቱን የሚወስነው የዓመታት የመማር ማስተማር ሥራ ግን በአብዛኛው በክልልና በወረዳ በሚተዳደሩ ትምህርት ቤቶች ይከናወናል። ስለዚህ የትምህርት ጥራት ጥያቄ ለሁለቱም እርከኖች የሚቀርብ ነው።

ጉዳይን የት ማቅረብ ይገባል?

• ምዝገባ፣ ዝውውር፣ የመምህር ወይም የመጽሐፍ እጥረት፦ በቅድሚያ ለትምህርት ቤቱ፣ ቀጥሎ ለወረዳው ትምህርት ጽሕፈት ቤት፣ ከዚያም በየደረጃው እስከ ትምህርት ቢሮ።

• የ6ኛና የ8ኛ ክፍል ፈተና ውጤት፦ በትምህርት ቤቱ በኩል ለክልሉ ወይም ለከተማ አስተዳደሩ ትምህርት ቢሮ።

• የ12ኛ ክፍል ፈተና ውጤትና የምስክር ወረቀት፦ ለትምህርት ምዘናና ፈተናዎች አገልግሎት።

• የመንግሥት ዩኒቨርሲቲ ምደባ፦ ለትምህርት ሚኒስቴር።

• የግል ከፍተኛ ትምህርት ተቋማት ዕውቅናና ከውጭ አገር ዩኒቨርሲቲዎች የተገኘ ማስረጃ አቻ ግምት፦ ለትምህርትና ሥልጠና ባለሥልጣን። በውጭ አገር ተምረው የተመለሱ ዜጎችም በዚሁ ይስተናገዳሉ።

• አስተዳደራዊ በደል፦ በየደረጃው አቤቱታ ቀርቦ መፍትሔ ካልተገኘ ለኢትዮጵያ ሕዝብ እንባ ጠባቂ ተቋም።

የወረዳ ጉዳይ በቀጥታ ወደ ሚኒስቴሩ ሲመጣ አብዛኛውን ጊዜ ተመልሶ ወደ ወረዳው ይላካል። በዚህ መካከል የምዝገባ ወይም የቅሬታ ማቅረቢያ ጊዜ ሊያልፍ ስለሚችል፣ ባለጉዳዮች ጉዳያቸው የሚመለከተውን አካል አስቀድመው ሊለዩ ይገባል። ማመልከቻን በጽሑፍ ማቅረብ፣ ቅጂውን መያዝና የተሰጠውን ምላሽ በጽሑፍ መጠየቅም ተገቢ ነው። በመዝገብ ቤት ገቢ የተደረገ ማመልከቻ፣ ኃላፊ ቢቀየርም፣ ለሚተካው ኃላፊ ማስረጃ ሆኖ ይቀርባል።