የፍጥነት መለኪያ፤ ከስታር-100 እስከ ክሬይ-1

የታላላቅ ኮምፒዩተሮች ታሪክ በተነሣ ቁጥር በቅድሚያ የሚጠቀሰው የፍጥነታቸው አኃዝ ነው። ይሁን እንጂ የሙያው ሰው፣ «ይህ ፍጥነት የተገኘው በየትኛው ሥራ ላይ ነው?» ብሎ መጠየቅ ይገባዋል። በአሜሪካ የተሠሩ የሁለት መሣሪያዎች ታሪክ የጥያቄውን ክብደት ያስረዳል።

እ.ኤ.አ. በ1967 የኮምፒዩተር ንድፍ ሊቅ የነበሩት ጂን አምዳል፣ የሥራው ከፊል የቱንም ያህል ቢፋጠን ሳይፋጠን የቀረው ክፍል ጠቅላላውን ጊዜ እንደሚገድበው አስገነዘቡ። ለምሳሌ 100 ሰዓት ከሚፈጅ ሥራ የ80ው ሰዓት ድርሻ በ20 እጥፍ ቢፋጠን፣ ወደ 4 ሰዓት ይወርዳል። የቀረው 20 ሰዓት ግን እንዳለ ነው፤ ድምሩም 24 ይሆናል። እንግዲህ 20 እጥፍ የተባለው ፍጥነት በተጠቃሚው እጅ ሲገባ ከ4 እጥፍ ብዙም አይበልጥም።

እ.ኤ.አ. በ1974 ለተጠቃሚዎች የደረሰው የኮንትሮል ዳታ ኩባንያ ስታር-100፣ አንድን ስሌት በረጅም የቁጥሮች ሰልፍ ላይ የሚፈጽም የቬክተር ኮምፒዩተር ነበር። ከፍተኛ ፍጥነቱም በሴኮንድ 100 ሚሊዮን ስሌት ነበር። ነገር ግን ቁጥሮቹን በቀጥታ ከማኅደረ ትውስታ እያነሣ ውጤቱንም ወደዚያው ይመልስ ስለነበር፣ እያንዳንዱን ሰልፍ ማስጀመር ብዙ ጊዜ ይወስድበት ነበር። ሰልፉ ባጠረ ጊዜ ትርፉን ዝግጅቱ ይበላዋል። በነጠላ ስሌትም ቢሆን የሰዓት ምቱ 40 ናኖሴኮንድ ስለነበር፣ በ27.5 ናኖሴኮንድ ይሠራ ከነበረው ከታላቅ ወንድሙ ከ7600 ወደ ኋላ ቀረ።

እ.ኤ.አ. በ1972 ከዚሁ ኩባንያ ወጥተው የራሳቸውን ያቋቋሙት ሲሞር ክሬይ ሌላ መንገድ መረጡ። በክሬይ-1 ውስጥ እያንዳንዳቸው 64 ቁጥር የሚይዙ 8 የቬክተር ሬጅስተሮች አኖሩ፤ የሰዓት ምቱንም ወደ 12.5 ናኖሴኮንድ አወረዱ። ስለዚህ ረጅሙ ሰልፍ ብቻ ሳይሆን አጭሩም፣ ነጠላውም ስሌት ፈጠነ። የመጀመሪያው ክሬይ-1 እ.ኤ.አ. በ1976 ለስድስት ወር ሙከራ ወደ ሎስ አላሞስ ላቦራቶሪ ተላከ፤ በኋላም ከ80 በላይ ተሸጡ።

ነገሩ ያለፈ ታሪክ ብቻ አይደለም። የጃፓኑ ፉጋኩ እ.ኤ.አ. በ2020 ሊንፓክ በተባለው መለኪያ 442 ፔታፍሎፕስ አስመዘገበ። ማኅደረ ትውስታን አብዝቶ በሚፈትነው ኤችፒሲጂ ግን ያገኘው 16 ገደማ ነበር፤ ይህም ከ4 በመቶ ያነሰ ነው። መሣሪያው አንድ ሲሆን የተለየው ሥራው ነው።

በቅሎ የሚገዛ ሰው በሜዳ ብቻ ጋልቦ አይወስንም፤ አቀበቱንም ያስወጣታል። ለመሥሪያ ቤቱ ኮምፒዩተር የሚመርጥ ባልደረባችንም ከሻጩ አኃዝ አስቀድሞ የራሱን ሥራ ይዞ ቢቀርብ፣ የአገርን ገንዘብ ከከንቱ ወጪ ያድናል።